ጥጥ የተጠቀጠቀበት ብልቃጥ

አንዲት ሴት ነበረች። በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ከልጅ ልጇ ጋር የምትኖር። ሴት ልጇን ከስምንት ዓመት በፊት ኤች አይ ቪ ወስዶባታል። የልጅ ልጇ ብሩክታይትም ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እያለ ነው የተወለደችው። አሁን ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ ፍሬ መድኃኒት ትውጣለች፤ ሌላው ነገሯ ሁሉ እንደ እናንተ ልጆች ነው።

አያትየው ምን ታደርግ ነበር መሰላችሁ? የብልቃጡን ወረቀት በውኃ ዘፍዝፋ ትልጣለች። እንዳይንሿሿ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች። ከዚያ ዱቄት ጣሳ ውስጥ ትቀብረዋለች። ለምን? ጎረቤት እንዳይሰማ!

ልጅቷ፣ «እማዬ፣ ሌላው ሰው የራስ ምታት ኪኒን እንደሚውጠው እኔም አንድ ቀን ሰው ፊት ብውጥ ደስ ይለኛል» ስትላት፣ «እኔ ከሞትኩ በኋላ!» ትላታለች።

አትፍረዱባት። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። የልጅ ልጆቼ ባስነጠሱ ቁጥር እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ።

ታዲያ የሴትየዋ ወንድም ሞተ። ለቅሶ ደራሹ ያቺን አንድ ክፍል ሞላት፤ ከገጠር የመጡት እዚያው ፍራሽ ላይ አደሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ልጅቷ አያቷን አየቻት። አያቷ በዓይኗ «ቆይ» አለቻት። በማግስቱም ቆይ። ነርሷ «አንድም ቀን እንዳያልፍሽ» ማለቷን ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ቆይ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ከሰው መሀል ተነሣች።

«እማዬ፣ የዱቄቱን ጣሳ ስጪኝ።»

«ዱቄት ዛሬ ምን ይሠራልሻል? ዕድሩ አብስሎ አምጥቶ የለ?»

«መድኃኒቴን ልውጥ ነው።»

አያትየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ያኔ ግድግዳ የሚጋሯቸው እትዬ ባፈና፣ «እፎይ፣ ተገላገልኩ!» አሉ። «አንቺ ሴትዮ፣ እናቷን አብሬሽ ሳስታምም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንዴ? ስምንት ዓመት ሙሉ አፌን ይዤ ልፈነዳ ነበር እኮ! ነይ ልጄ፣ ውኃ እንኪ።»

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። አንዷ ቧንቧ ልዝጋ ብላ ወጥታ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ልጅቷ ግን ዋጠች። ብልቃጡ ዱቄት እንደለበሰ ነበር።

እኔን የሚቆጨኝ ስምንቱ ዓመት ነው። እግዚአብሔር ውኃ የሚያቀብል እጅ ከግድግዳው ወዲያ አስቀምጦላቸው ነበርና!

እናንተስ? በእናንተ ቤት ዱቄት ጣሳ ውስጥ የተቀበረ ነገር የለም? የልጃችሁን ምስጢር በየመንገዱ አውሩ አልላችሁም፤ ለማን እንደምትነግር ራሷ ትወቅ። ግን ፍርሃታችሁ መድኃኒቷን አይከልክላት። ልጇ አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ ማየት የማትናፍቅ ማን አለች? በሰዓቷ ከዋጠች እኮ ትደርሳለች!

ጎረቤት የሆናችሁስ? ዝምታችሁ ደግነት መስሏችሁ ስንት ዓመት አሳለፋችሁ? ወይስ ቧንቧ ልትዘጉ ወጥታችሁ ቀርታችኋል?

ያቺ ሴት አሁን ጥጡን አውጥታዋለች። ጠዋት ብልቃጡ ሲንሿሿ እትዬ ባፈና ከግድግዳው ወዲያ፣ «ዋጥሽ?» ይላሉ።

«ዋጥኩ፣ እትዬ!»

እኔ ሳልሞት በየሰፈራችሁ ይህን ድምፅ መስማት ነው የሚናፍቀኝ።