አማልክቱን የጠራው ጭስ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ አንድ ወንድ ልጅና አንድ በሬ ቀርቶለት ነበር።

የኔታ ልሳነወርቅ እንዲህ ብለው የጀመሩት ውብሸት ጠይቋቸው ነው። «የኔታ፣ በጥንቶቹ ግሪኮች የጦርነት ግጥም አማልክቱ ወርደው ለወደዱት ሰው ይዋጉለታል። የኛ አምላክ ታዲያ እውነት ላለው ሰው እንዲህ የማይወርደው ለምንድን ነው?» አላቸው። የኔታ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገብቷቸው በረጅሙ ተነፈሱና ቀጠሉ።

ገበሬው የዚያው የግሪኮች አገር ሰው ነበር። ከተማው ከወንዝ ማዶ ካለው ከተማ ጋር በአንድ የግጦሽ መሬት ተጣልቶ ስድስት ዓመት ተዋግቷል። ከውጊያ በፊት ሁለቱም በሬ ያርዳሉ፤ ሥጋውን ራሳቸው ይበሉና አጥንቱን በስብ ጠቅልለው ለአማልክት ያጨሳሉ። ጭሱ የሸተታቸው አማልክት ወዲያው ከተፍ ይላሉ። የወዲህኛው አምላክ የጠላትን ጦር ያስታል፤ የወዲያኛዋ ሰዎቿን በጭጋግ ሸፍና ታሸሻለች። አንዱ ወገን ሊያሸንፍ ሲል የሌላው አምላክ ይደርሳል። የሚቀበረው ግን ሰው ብቻ ነው።

ገበሬው መረረው። «ምን ጉድ ነው ይሄ! ለራሳችን ቢተዉን እኮ በሳምንት ተሰላችተን በተውነው ነበር» ይል ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ሌላ የሚታረድ በሬ ስላለቀ የከተማው ሽማግሌዎች መጡ። «ልጅህ ነገ ከፊት ነው የሚሰለፈው። በሬህን ካልሰጠህ ማን ይጠብቀዋል?» አሉት።

ገበሬው ግን በጦርነቱ የሞቱት የጎረቤቱ ሦስት ልጆች ትዝ አሉት፤ ለሦስቱም በሬ ታርዶላቸው ነበር። በሬውን ፈትቶ ወንዙን ተሻገረ። ማዶም አንድ ገበሬ ለነገው መሥዋዕት የታሰረውን የመጨረሻ በሬ ይዞ ተክዞ አገኘው።

«በአንድ በሬ አይታረስም። እንቀናጅ» አለው።

ጎህ ሲቀድ ሁለቱ በሬዎቹን በአንድ ቀንበር ጠምደው የተጣሉበትን መሬት ያርሱ ጀመር። ሠራዊቱ በግራና በቀኝ ተሰልፎ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ጭስ የለም፤ የወረደም የለም። የጠላቱን ጦር የሚያስትለት እንደሌለ ሲያውቅ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ደህና አድርጎ አየው። ቀድሞ ጦሩን የጣለው የገበሬው ልጅ ነው፤ ሄዶ ከአባቱ እርፉን ተቀበለ።

የኔታ ወደ ውብሸት ዞሩ።

«አንተ ገበሬውን አትመስልም፤ በሬ አምጣ የሚሉትን ነው የምትመስለው። ከወንድምህ ጋር በአባታችሁ መሬት ከተጣላችሁ ይኸው ሁለት ዓመታችሁ። ማክሰኞ መጥተህ ‹እንድረታው ጸልዩልኝ› አልከኝ። ረቡዕ እሱ መጥቶ ያንኑ አለኝ፣ ቃል ሳይቀይር! ሰለቸኝ እኮ! እግዚአብሔር እንደነዚያ በጭስ የሚጠራ መሰለህ? እኔ ከእንግዲህ አላጨስላችሁም። ይልቅ ዝናቡ ደርሷል፤ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። ያንተ በሬ አንድ ነው፤ የወንድምህም አንድ ነው። ተነስ፣ ሂድ።»