የጤነኛው ጌታ ነጋሪት

ደጃዝማች ቢሻው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከግቢያቸው ሳይወጡ ስለቆዩ ገበያው ስለ ጤናቸው ያወራ ጀመር። አንዱ «ሪህ ይዟቸዋል» ሲል ሌላው «የለም፣ ቡዳ በልቷቸው ነው» ይላል። ደጃዝማቹ ይህን ሲሰሙ ተናደዱና በየማለዳው ነጋሪት እየተጎሰመ «ጌታችን ፍጹም ጤነኛ ናቸው!» እንዲባል አዘዙ። ወሬው ግን ጭራሽ ባሰበት።

በመጨረሻ አንዲት አፈኛ ሸክላ ሻጭ ተይዛ ቀረበች። ደጃዝማቹ ፊታቸው እንዳይታይ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው፣ ሳላቸውን እየዋጡ፣ «ታመዋል ብሎ የነገረሽ ማን ነው? ካልተናገርሽ አርባ ትገረፊያለሽ!» አሏት።

«የነገረኝማ የራስዎ ነጋሪት ጎሳሚ ነው» አለች።

ጎሳሚው ደንግጦ «እኔ ጤነኛ ናቸው ነው ያልኩት!» ብሎ ጮኸ።

«እንደዚያ ስላልክ ነዋ! የእኔ አህያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ነጋሪት ተጎስሞላት አያውቅም።»

ደጃዝማቹ በንዴት «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ነጋሪቱ ይቁም!» አሉ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እሱንስ አያድርጉት! ነገ ነጋሪቱ ዝም ካለ አገሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለልቅሶ ይመጣብዎታል።»