የፊታውራሪው ባዶ እግር

በአንዲት ጥንታዊት ከተማ የፈረሰውን ቤተ መንግሥት በር የምትጠብቅ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። የአገሩ ሰው «ታሪካችን የተጀመረው እዚህ ነው» ስለሚል፣ ሊጎበኝ የመጣ ሁሉ ጫማውን አውልቆ መግባት ደንብ ነው።

አንድ ቀን ፊታውራሪ ወንድይራድ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ሴትዮዋ እጅ ነስታ «ጌታዬ፣ ጫማዎን» ስትላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«እኔን ነው ጫማ አውልቅ የምትዪኝ? ይህን ከተማ የቆረቆሩት አያቴ መሆናቸውን አታውቂም?»

«ገና አሁን ሰማሁ ጌታዬ! እንግዲያማ ከሁሉ አብልጠው ሊያከብሩት የሚገባ እርስዎ ነዎት።»

በአጃቢዎቻቸው ፊት እምቢ ማለት አያትን መናቅ ሆነባቸውና እያጉረመረሙ አወለቁ። ግቢው ግን ድፍን ጠጠር ነው። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ፈጠን ፈጠን እያለች ስትመራ፣ ከምንጣፍ ወርዶ የማያውቀው የፊታውራሪ እግር አሥር እርምጃ እንኳ አልዘለቀም።

«ወይኔ እግሬን!» ብለው በአንድ እግራቸው ቆሙ። «ማን ነው እንዲህ የቆረቆረኝ? ስሙን አሁኑኑ ንገሪኝ፤ እዚሁ አስገርፈዋለሁ! ካልነገርሽኝ የምትገረፊው አንቺ ነሽ!»

ከአጃቢዎቹ አንዱ አለንጋውን ፈታ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ለጥ ብላ እጅ ነሳች።

«እኔ ምን ቸገረኝ ጌታዬ፤ ቅድም በር ላይ ራስዎ ነገሩኝ እኮ። የቆረቆሩት አያትዎ ናቸው። ይገረፉ ካሉም መቃብራቸው በዚህ በኩል ነው።»