ለስላሳው ገመድ

አንድ ሩኅሩኅ መባል የሚወድ ንጉሥ ነበር። በዘመኑ ቢረሳው የሚባል ሸማኔ፣ በላቸው የተባለውን ነጋዴ ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ማስረጃው የነጋዴው በቅሎ ሸማኔው ደጅ ታስራ መገኘቷ ብቻ ነበር። ሬሳ ያየ የለም። ሸማኔው "በቅሎዋን አደራ ሰጥቶኝ ቆላ ወረደ" ቢልም የሰማው አልነበረም።

ንጉሡ ታዲያ ሰው ሲሰቃይ ማየት አይወድምና፣ ሸማኔው ሳይሰቃይ የሚሞትበትን መንገድ አማካሪዎቹ መክረው እንዲያቀርቡ አዘዘ። አንዱ ሰይፍ ይፈጥናል አለ። ሌላው ሰይፍ አረመኔነት ነው፣ መርዝ ይሻላል አለ። ሦስተኛው መርዝ አንጀት ይቆርጣል ብሎ ተቆጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተጨቃጨቁ በኋላ በለስላሳ ገመድ ተስማሙ። አንገት የማይልጠው የትኛው ክር እንደሆነ ለማወቅም ማንን ቢያስጠሩ ጥሩ ነው? ራሱን ሸማኔውን!

ሸማኔው ከነሰንሰለቱ ቀርቦ፣ "ጌቶቼ፣ እኔ ሰው አልገደልኩም" አለ።

የአማካሪዎቹ ጉባኤ ሰብሳቢ ተሰላቸ። "እሱ የዛሬ ጉዳያችን አይደለም። አንተ የተጠየቅኸው ስለ ክር ነው።"

በዚያው ቀን አንድ አቧራ የጠጣ መንገደኛ የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሞ አስገቡኝ እያለ ይለምን ነበር። ስሙን ሊናገር ቢል ዘበኞቹ ተራህ ሲደርስ ትናገራለህ አሉት። በጉባኤው ደንብ የተጀመረ ጉዳይ ሳያልቅ ሌላ ጉዳይ አይገባም። አራት ቀን በሩ ላይ ቆመ። በአምስተኛው ቀን ሸማኔው ከምርጥ ጥጥ በተገመደ፣ ቅቤ በተቀባ ገመድ ተሰቀለ። አማካሪዎቹም ተጨባብጠው ሲያበቁ ቀጣዩን ባለጉዳይ አስጠሩ።

"በላቸው እባላለሁ" አለ መንገደኛው። "በእኔ ሞት የታሰረ ሸማኔ አለ ሲሉ ሰምቼ፣ ላስፈታው ነው የመጣሁት።"

ሰብሳቢው ገመዱን ወዳጠለቀው ወታደር ዞሮ፣ "ለመሆኑ ተሰቃይቷል?" ሲል ጠየቀ። ወታደሩ ምንም አልተሰቃየም ብሎ መለሰ። ሁሉም እፎይ አሉ።

እፎይ አሉ እኮ! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰውን በምን ብንገድለው ይሻላል እያልን ስንራቀቅ፣ ለምን እንገድለዋለን የሚለው ጥያቄ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ያ ሁሉ ቅቤም የተቀባው ለእኛው ኅሊና ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ስለ የትኛው ገመድ ልስላሴ እየተከራከርህ ነው? በርህ ላይስ ማንን አቁመሃል?