ቅንድቧ ላይ የነበረው ጠባሳ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ቁጭ በይና ስሚኝ፤ ቆሞ ማውራት ደክሞኛል።

ይህ ሰው የሚሠራው በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ለመታወቂያ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለባት። ሕፃን ሳለች ዓይኗን ሲያማት እናቷ በምላጭ በጥታት ነው። ፎቶዋን ወስዳ ሄደች፤ ፊልሙ እሱ ዘንድ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ልጅቷ የፊልም ተዋናይ ሆነች፤ ስሟ አገር አዳረሰ። ጠባሳውንም ሐኪም አጠፋላት። ፎቶ አንሺው ይህን ሲሰማ፣ «የኛው ልጅ ናት፤ ላሳምራት» አለ። ፊልሙን አወጣና የጠባሳውን ቦታ በምላጭ ጫፍ ፋቀው። ከዚያ ፎቶውን አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቀለው።

መንገደኛው ሁሉ ቆሞ፣ «ያኔም እንዲህ ነበረች?» ይላል።

«ያኔም እንዲህ ነበረች» ይላል እሱ።

አንድ ቀን ተዋናይዋ ራሷ መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። እናቷን ቀብራ መመለሷ ነበር።

«ጋሼ፣ ያኔ ያነሱኝን ፎቶ ፈልጌ ነው። የኔው ጠፍቶብኛል።»

እሱ ደስ ብሎት ወደ መስኮቱ ጠቆመ። አየችው፤ ብዙም አላየችው።

«ይቺማ በየግድግዳው አለች።»

«አንቺው ነሽ እኮ፣ ልጄ! ትንሽ አሳመርኩሽ እንጂ።»

«ቅንድቤ ላይ የእናቴ እጅ ነበረ» አለች። «እኔ ከፊቴ አስጠፋሁት። እርስዎ ጋ አለ ብዬ ነበር የመጣሁት።»

ሰውየው ፊልሙን አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሳው። የፋቀው ቦታ ባዶ ነው። የተፋቀ ፊልም ደግሞ አይመለስም። አልተቆጣችውም። ነጠላዋን መልሳ ተከናንባ ወጣች።

እንግዲህ አንቺ፣ «ልጄ ከተሾመ ወዲህ መጥቶ ለምን ቤቴ አያድርም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ባለፈው ሲመጣ እኔም ነበርኩ። ጎረቤቱን ሰበሰብሽ፤ ከላይ አስቀመጥሽው፤ የወለድሽውን ልጅ «አንቱ» አልሽው። እሱም ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። አንቱ የሚለው ሰውማ ቢሮው ሙሉ ነው። ያ ከድስት ሥር ታባርሪው የነበረው ልጅ አንቺ ዘንድ ነበር የቀረው። እሱን ፍለጋ ነበር የመጣው፤ አንቺ ፋቅሽው።

ደግነቱ ሰው ፊልም አይደለም። ሲመጣ ማንንም አትጥሪ። «አንተ ሆዳም፣ ምሳ በላህ?» በይው።