እግሩ ያልጠቆረው ቋሚ

አስተግፊሩላህ፣ ቢስሚላህ ሳልል ሳቅ ቀደመኝ። ምን ላድርግ፤ እትዬ ዘሃራ ከነአልጋቸው ብድግ ተደርገው ወደ ጓዳ ሲሄዱ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። ግን ቆዩኝ፣ ዋናው እሱ አይደለም። ዋናው መጨረሻ ላይ ከአፋቸው የወጣችው ቃል ናት፤ እሷን አሁን አልናገርም።

አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። አፈሯ ቀይ፣ ምስጧ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ያልፈጠረበት፤ ደጅ ያሳደርከውን ጫማ ሶሉን በልቶ ክሩን ይተውልሃል። እዚያች ከተማ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ኪታብ የቀሩ፣ የተማሩ ናቸው፣ እንጀራቸው ግን ከእንጨት ነው። ቤት የሚሠራ ሁሉ ቋሚውን ሳይተክል እሳቸው ዘንድ ያመጣል። እሳቸው መሬት የሚገባውን እግሩን እሳት ላይ እያገላበጡ፣ ላዩ ከሰል እስኪሆን ያጠቁሩታል። ከዚያ ትኩሱን እንዳለ ሹፌሮች የሚያጠራቅሙላቸውን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ያጠጡታል፤ ለአንድ ቋሚ አንድ ጣሳ፣ አይበልጥም አያንስም። እንዲህ ሆኖ የገባን እንጨት ምስጥ አሽትቶ ያልፈዋል፣ እርጥበትም አያበሰብሰውም።

ታዲያ ሰውየው ጢስ ጢስ ይሸታሉ። ቢታጠቡም አይለቅም። በወጣትነታቸው እትዬ ዘሃራን ፈልገው ሽማግሌ ቢልኩ፣ እትዬ ዘሃራ ያን ጊዜ ምላሳቸው ከመርፌ የሾለ ቆንጆ፣ "ጢስ ጢስ የሚሸት ባል አልፈልግም" ብለው መለሱ። ሽማግሎቹም አላለሳለሱት፣ ቃሉን እንዳለ አምጥተው ሰጧቸው። ከተማው ስንት ዓመት ሳቀበት። ሸህ ሙዘይን ሌላ አገቡ፣ ወለዱ፣ ሚስታቸውን ቀበሩ። እትዬ ዘሃራም አግብተው ባላቸው ሞተ። በዚህ ነገር አንድም ቀን ክፉ አልተነጋገሩም። እትዬ ዘሃራ ብቻ ሸሁን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

በስተርጅና የእትዬ ዘሃራን ቤት ምስጥ ጨረሰው። እናት አባት የሌላቸው ሁለት የቲም የልጅ ልጆች ይዘው ሜዳ ላይ ቀሩ። የመስጂዱ ጀመዓ ተነሣ፤ ማን ቆርቆሮ፣ ማን ጭቃ፣ ማን ጉልበት። ሸህ ሙዘይን ዘጠኙን ቋሚ በሰደቃ እኔ አጠቁራለሁ አሉ። ስምንቱን ጨርሰው ዘጠነኛውን ሊያነሡ ሲሉ እትዬ ዘሃራ ውሃ ይዘው መጡና፣ ዛሬስ ለሁለት ቤት የሚበቃ ጢስ ሆነሃል አሏቸው። ሸሁ ሳቁ፤ ወዲያው የአስር ሶላት አዛን ተሰማና ወደ መስጂድ ሄዱ። ደመናው ከብዶ ስለነበር ሠራተኞቹ ያገኙትን እያነሡ ተከሉ። ሸህ ሙዘይን ሲመለሱ ዘጠኙም ቆመዋል። አንዱ እንደቀራቸው ረስተው፣ ሁሉም ጠቁሯል ብለው አመኑ።

ከሦስት ወር በኋላ ለሌላ ሰው ቤት ዘይት ሊቀዱ፣ ለእትዬ ዘሃራ ቤት ዘጠኝ ጣሳ ለክተው ያስቀመጡበትን ጀሪካን ቢያነሡ፣ አንድ ጣሳ ተርፎበታል። ቁጭ አሉ። አንድ ጣሳ ማለት አንድ ቋሚ ነው።

ወዳጃቸውን ሐጂ ቡሽራን አማከሩ። ሐጂ ቡሽራ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ለወዳጃቸው ስም ፈሩ። እምቢ ስላለችህ ቂም ይዘህ ነው ይሉሃል፤ ቤቱ ደግሞ ተለስኗል፣ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል አሉ። "ስምንቱ ዘጠነኛውን ይሸከሙታል። ሲወድቅም አንተም የለህ፣ እኔም የለሁ።"

"የፈራሁት እሱን ነው" አሉ ሸህ ሙዘይን። "ካለሁማ ሮጬ እደግፈው ነበር።"

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ጀመዓው ፊት ቆመው ተናገሩ። አንዳንዱ አዘነላቸው፤ አንዳንዱም፣ እንደተፈራው፣ አጠገቡ ያለውን በክርኑ ጎሰም አደረገ። ዶማቸውን ይዘው እትዬ ዘሃራ ደጅ ደረሱ፣ ሰውም ተከተለ።

"ለቤቱ ነው የመጣኸው ለባለቤቷ?" አሉ እትዬ ዘሃራ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸሁ ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያውን ቋሚ ሥር መቆፈር ጀመሩ።

ጥቁር ነው። አልሐምዱሊላህ ብለው አፈሩን መለሱ። ሁለተኛው ጥቁር። ሦስተኛውም። አምስተኛው ላይ ላባቸው በጢማቸው ይንጠባጠባል። እትዬ ዘሃራ አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ቤቴን መቃብር አደረግኸው እኮ ይላሉ። ስምንተኛውም ጥቁር ሆነ። የቀረው ከአልጋው ራስጌ ያለው ብቻ ነው፣ እሳቸው ደግሞ አልነሣም አሉ። ይኸኔ ነው አራት ወንዶች ከነአልጋቸው ብድግ ያደረጓቸው። እትዬ ዘሃራም ሙሽራ ሆንኩ ብለው ለራሳቸው እልል እያሉ ወደ ጓዳ ሄዱ።

ሲቆፈር ግን ሳቁ ቆመ። እግሩ ነጭ ነው። ምስጡ አንድ ስንዝር ወጥቶበታል፤ ሸሁ በጣታቸው ቢነኩት እንደ በሶ ፈረሰ። እትዬ ዘሃራና የቲሞቹ የሚተኙበት ራስጌ። እትዬ ዘሃራ ያን ቀን አፍንጫቸውን አልያዙም፣ አፋቸውን ያዙ።

ጣሪያውን በሁለት ባላ ደግፈው ቋሚውን አወጡት። ሸህ ሙዘይን የተበላውን ቆርጠው ጣሉ፣ የቀረውን አጠቆሩ፣ ያችን አንድ ጣሳ አጠጡት፣ ላጠረው ከሥሩ ድንጋይ አግብተው መለሱት። ሐጂ ቡሽራ ጥላሸት የለበሰ ፊታቸውን አይተው፣ ምነው በዚህ ዕድሜህ በሰው ፊት እንዲህ ሆንክ ቢሏቸው፣

"የቋሚው እግር ካልጠቆረ፣ አላህ ዘንድ የሚጠቁረው የኔ ፊት ነው" አሉ።

አማና፣ የሰው አደራ ማለት ለካ መሬት የገባው ነው። የሚታየውን ግድግዳማ ሁሉም ይለስነዋል። የረሳ ሰው ወንጀል አይያዝበትም ይላሉ ዑለሞቹ፤ ያወቀ ቀን ግን መርሳቱ ያበቃል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጀሪካን ውስጥ የተረፈውን አይቼ ክዳኑን መልሼ ዘግቻለሁ፣ አላህ ይማረኝ።

አሁን ያቆየሁላችሁ ቃል። ሸህ ሙዘይን እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ዶማቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ፣ እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ቆሙባቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"አውፍ በለኝ ሙዘይን፣ ይቅር በለኝ። ጢስ ጢስ ትሸታለህ ያልኩህ፣ ለካ ቤት ቤት ነው የምትሸተው።"