ጥሩንባው የሙታን ነው

አንድ ቀን የእድራችን ኮሚቴ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሲስተር ምንትዋብ የምትባለው የጤና ጣቢያችን ነርስ በሩን አንኳኩታ ገባች። ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም፣ እሷም አልጠበቀችም። ከወንዝ ማዶ ባለው መንደር ዲፍቴሪያ ገብቶ በዚሁ ሳምንት አንድ ሕፃን መቅበራቸውን ነገረችን። በሽታው የልጁን ጉሮሮ ይዘጋዋል፣ ልጁም አየር አጥሮት ይሞታል አለች። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ይደርሳል፤ ማታውኑ ግን ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የእኛ መንደር ደግሞ ዳገቱ ላይ የተበተነ ነው፤ ቤት ለቤት ዞራ ብትናገር ግማሹን እንኳ አታዳርስም። ስለዚህ የመጣችው ጎሹን እንድናውሳት ልትለምን ነበር።

ጎሹ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ዳገቱ ላይ ወጥቶ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። እሱ ነፍቶ ከቤቱ ሳይወጣ የሚቀር ሰው ካለ ሟቹ ብቻ ነው።

ችግሩ ጋሽ ሸዋረጋ ናቸው። የእድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸው፤ ለእድሩ ዕቃ ከራሳቸው ዕቃ አብልጠው ይሳሳሉ። አንድ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ዝናብ መጣበትና ድንኳኑን ቢለምናቸው፣ ድንኳኑ የለቅሶ ነው፣ ከሙሽሮቹ አንዱ ካልሞተ አይወጣም ብለው መለሱት። ሰውየው እስከ ዛሬ አያናግራቸውም፤ እሳቸው ግን አሁንም ጉዳዩን እንደ ጀብዱ ያወሩታል።

ሲስተሯን አስጨርሰው ከሰሙ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጥሩንባው የሙታን ነው አሉ። ዛሬ ለመርፌ ከተነፋ፣ ነገ ፍየል የጠፋችበትም መጥቶ ንፉልኝ ይላል። ደግሞስ እኛን ማን ከትቦን ነው ያደግነው፣ ይኸው ቁጭ ብለን የለም ወይ ብለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ሽማግሌዎቹም እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያላደጉት ስብሰባ አይመጡም ብሎ የሚነግራቸው ጠፋ። እኔ ቤቴ ገና የምትድህ ልጅ አለችኝ፤ ውስጤ በግኖ አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ሸዋረጋ ቀደሙኝ።

«ደንቡ ግልጽ ነው። በዚህ እድር ጥሩንባ የሚነፋው ለሞተ ሰው ብቻ ነው። የሚከራከር አለ?»

ሲስተሯ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይኼኔ በሩ ጋ ጥሩንባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ የቆመው ጎሹ እጁን አወጣ። ሁላችንም ገረመን፤ ጎሹ ውጭ ሲጮኽ እንጂ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም።

«እኔ እንኳ አልከራከርም ጋሼ፣ ደንብ ደንብ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ ለልጆቹ ካልነፋሁ፣ ኋላ አንድ በአንድ እነፋላቸዋለሁ፤ ያኔ ደንቡም ይፈቅድልኛል። እንዳልሳሳት ብቻ አንድ ነገር ይንገሩኝ። የእርስዎን የልጅ ልጅ በቤት ስሙ ልጥራው ወይስ በክርስትና ስሙ?»

እኔ ድንጋጤና ሳቅ አንድ ላይ መጡብኝና አፌን በጋቢዬ ያዝኩ። ጋሽ ሸዋረጋ ጎሹን አዩት፣ ጥሩንባውን አዩት፣ ከዚያ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

«ንፋ» አሉ በመጨረሻ። «ግን እንዳታስረዝመው።»